የህመምና የብግነት ማስታገሻ ለቀንድ ከብት፣ ለጋማ ከብትና ለውሻ፦ ስንት ሲሲ፣ ለስንት ቀን፣ ለማን አይሰጥም

ጎንደር ከተማ አዘዞ መስመር ላይ ጠዋት ሲያነክስ የነበረ የጋሪ ፈረስ ረፋድ ላይ አንድ መርፌ ተወግቶ ከሰዓት በኋላ እንደ ጤነኛ ሲሮጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ባለጋሪው የዕለት ገቢው ስላልቀረበት ደስ ይለዋል፣ የወጋውም ሰው ይመሰገናል። በማግሥቱ ግን ፈረሱ እግሩን መሬት ማስነካት ያቅተዋል። መድኃኒቱ ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም፤ እንዲያውም በደንብ ስለሠራ ነው። ህመሙ ጠፍቶለት በተጎዳው ጅማቱ ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲጎትትበት ዋለ።

በዚህ መድኃኒት ላይ የሚሠራው አብዛኛው ስህተት ከዚህ ይነሣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፤ ማነከሱን ዝም አሰኝቶ ያነከሰበትን ምክንያት ሳይነኩ መተው ማለት ነው። ሁለተኛው ትልቅ ስህተት የመጠን ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው ጨርሶ የማያስበው፣ እንስሳው ከተወጋ በኋላ ወተቱን ማን እንደሚጠጣ፣ ሥጋውን ማን እንደሚበላ፣ ከሞተ ደግሞ ጥንቡን ማን እንደሚያነሣው ነው።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል

ሰውነት ሲቆስል፣ ሲቀጠቀጥ ወይም ጀርም ሲገባበት ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ብግነት የሚባለው ይህ ነው። የተጎዳው ሕዋስ ከራሱ ሽፋን ስብ ይለቃል፤ ሳይክሎኦክሲጂኔዝ (ባጭሩ ኮክስ) የሚባል ኢንዛይም ያንን ስብ ፕሮስታግላንዲን ወደሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይለውጠዋል። ፕሮስታግላንዲን የደም ሥርን ያሰፋል፣ የነርቭ ጫፎችን ያነቃል፣ አንጎል ላይ ደርሶ ትኩሳትን ከፍ ያደርጋል። አስፒሪን ሥራውን የሚሠራው ይህን ምርት በመግታት መሆኑን እንግሊዛዊው ጆን ቬን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በዚህ መስክ በሠራው ሥራ በ1982 ኖቤል ተሸልሟል። አስፒሪን ራሱ ገበያ ላይ የዋለው ግን በ1899 ነበር፤ ሰው ሰባ ዓመት ሙሉ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ ሲውጠው ኖሯል ማለት ነው።

ችግሩ ፕሮስታግላንዲን ጠላት ብቻ አለመሆኑ ነው። ጨጓራና አንጀት በራሳቸው አሲድ እንዳይቃጠሉ የሚከልላቸውን ልጋግ የሚያስመነጨው እሱ ነው። እንስሳው ሲጠማ ወይም ደም ሲያንሰው ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቋረጥ የሚያደርገውም እሱ ነው። መድኃኒቱ መጥፎውን ሲዘጋ ጥሩውንም ይዘጋል። የእነዚህ መድኃኒቶች ጉዳት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ ይመነጫል፤ የጨጓራ ቁስል፣ የአንጀት መድማት፣ የኩላሊት መድከም።

እነዚህን ከዴክሳሜታሶን ጋር መለየት ያስፈልጋል። በየመድኃኒት ቤቱ «ዴክሳ» የሚባለው ስቴሮይድ ነው፤ ብግነትን እሱም ያበርዳል፣ ግን የሰውነትን የመከላከል አቅም አብሮ ያወርዳል። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ያለች ላም ከተወጋችው ታስወርዳለች ወይም ያለጊዜዋ ትወልዳለች። ዴክሳንና እዚህ የምናወራቸውን ማስታገሻዎች በአንድ ቀን ደርቦ መውጋት የጨጓራ ቁስልን መጥራት ነው። «ሁለቱም ለእብጠት ነው፣ አንድ ላይ ይፍጠንለት» የሚል ሰው ካጋጠመ መርፌውን ማስቆም ይገባል።

መጀመሪያ ክብደት

መጠኑ የሚሰላው በኪሎ ነው። በዓይን ግምት የ200 ኪሎ ጊደር 300 ኪሎ ስትባል፣ የ350 ኪሎ ሰንጋ 250 ሲባል ይውላል። ሚዛን የሌለበት ቦታ የደረት ዙሪያ መለካት ከግምት እጅግ ይሻላል።

የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል፤ ለሰንጋ አይበቃም። ሲባጎ ይዘው ከፊት እግሮች ጀርባ፣ ልክ ከብብቱ ኋላ፣ ደረቱን ዙረው ይያዙ። እንስሳው ራሱን ቀና አድርጎ በአራት እግሩ እኩል ቆሞ፣ ሲባጎው ቆዳውን ነክቶ ሳይጨምቀው መሆን አለበት። ምልክት አድርገው ሲባጎውን መሬት ላይ ዘርግተው ይለኩ። ከዚያ ርዝመቱን፣ ከትከሻው የፊት አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ፣ በሴንቲ ሜትር ይውሰዱ። ለቀንድ ከብት ዙሪያውን በራሱ አባዝቶ፣ በርዝመቱ አባዝቶ፣ ለ10840 ማካፈል ነው። ለፈረስ ማካፈያው 11880 ነው።

አንዲት የፎገራ ላም ዙሪያዋ 150፣ ርዝመቷ 125 ቢሆን፣ 150 በ150 ሲባዛ 22500፤ በ125 ሲባዛ 2812500፤ ለ10840 ሲካፈል 259። በቃ 260 ኪሎ እንበላት። ዙሪያው ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ እዚያ ላይ የምትሠራ ትንሽ ስህተት ትገዝፋለች፤ ዙሪያውን በአሥር በመቶ አብዝቶ የለካ ሰው ክብደቱን በሃያ አንድ በመቶ ያበዛል። ስለዚህ ሁለቴ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ልፋቱ አይበዛበትም።

መድኃኒቶቹ

ሜሎክሲካም ዛሬ ከሚገኙት ውስጥ ለቀንድ ከብት መጀመሪያ የምንመርጠው ነው። መጠኑ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ፣ ከቆዳ ሥር ወይም በደም ሥር ነው። ብልቃጡ ላይ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ከተባለ ለያንዳንዱ 100 ኪሎ 2.5 ሲሲ ይሆናል (አንድ ሲሲ ማለት አንድ ሚሊ ሊትር ነው)። ላማችን 130 ሚሊግራም፣ ማለትም 6.5 ሲሲ ትወስዳለች። ሆኖም ያው መድኃኒት በሚሊ ሊትር 5 ሚሊግራም ሆኖም ይመጣል፤ እሱ ለውሻ፣ ለድመትና ለጥጃ የታሰበ ነው። የብልቃጡን ቁጥር ሳያነብ «እንደ ባለፈው 6 ሲሲ» ብሎ የቀዳ ሰው ለላሟ የሚገባትን ሩብ ሰጥቶ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላል። በተቃራኒው የ20ውን ለውሻ የቀዳ ሰው አራት እጥፍ ሰጥቷል። ስለዚህ ከብልቃጡ ስም በፊት ቁጥሩ ይነበብ።

ሜሎክሲካም በከብት ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አንድ መርፌ ሁለት ቀን ገደማ ያስታግሣል። በማግሥቱ ደግሞ መውጋት አያስፈልግም። ለፈረስ በኪሎ 0.6 ሚሊግራም ነው።

ፍሉኒክሲን ሜግሉሚን ለሆድ ቁርጠትና ጀርም ደም ውስጥ መርዝ ሲለቅ ለሚመጣው ድንጋጤ ጠንካራው ነው። ለፈረስ በኪሎ 1.1 ሚሊግራም፣ ለከብት በኪሎ 2.2 ሚሊግራም፣ በደም ሥር፣ በቀን አንዴ፣ ለከብት ከሦስት ቀን ላልበለጠ፣ ለፈረስ ከአምስት ቀን ላልበለጠ ጊዜ። አብዛኛው ብልቃጥ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ላማችን 572 ሚሊግራም፣ ማለትም 11.4 ሲሲ ያስፈልጋታል። 265 ኪሎ የሚመዝን የጋሪ ፈረስ ደግሞ 5.8 ሲሲ።

ፍሉኒክሲንን ጡንቻ ላይ መውጋት የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም ይቀላል። መድኃኒቱ ጡንቻን ያቃጥላል። በፈረስ ላይ በተጎዳው ጡንቻ ውስጥ አየር የማይፈልግ ጀርም (ክሎስትሪዲየም) ሊራባ ይችላል፤ የተወጋበት ቦታ ያብጣል፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ፈረሱም በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። በከብት ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ መለያው (ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ) ከሚለው ቀን በላይ ይቆያል። በደም ሥር መውጋት የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በአንገት ላይ ከደም መላሹ ሥር አጠገብ ወደ አንጎል የሚወጣ የደም ቧንቧ አለ፤ መርፌው እዚያ ከገባ ፈረሱ እዚያው ተንቀጥቅጦ ይወድቃል። ስለዚህ ባለቤቱ በራሱ እንዲወጋ የማንመክረው ነው።

ኬቶፕሮፌን በኪሎ 3 ሚሊግራም ለከብት፣ 2.2 ለፈረስ። ለወተት ላም ያለው ጥቅም ብዙ አገሮች ላይ ወተቷን መድፋት የማይጠይቅ መሆኑ ነው፤ ሦስት መቶ ብር ወተት በቀን የምትሸጥ ቤት ይህን ታስባለች። ጉዳቱን መጨረሻ ላይ እናነሣዋለን።

ፌኒልቡታዞን፣ ባለጋሪዎችና የፈረስ ሰዎች «ቡት» የሚሉት፣ ለፈረስ እግርና መገጣጠሚያ ለብዙ ዘመን ያገለገለ መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ 2.2 በቀን ሁለቴ። የሚጠቅመው መጠንና የሚጎዳው መጠን ተቀራርበዋል፤ «ትንሽ ልጨምርለት» የማይባልበት መድኃኒት ነው። ሲበዛ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ፣ ከሆድ ሥር የሚወርድ ውኃ ያለበት እብጠት ያመጣል። መድኃኒቱ ከደም ሥሩ ወጥቶ ከቆዳ ሥር ከፈሰሰ ቆዳውና ሥጋው ይሞታል፣ አንገት ላይ ጉድጓድ ይተዋል።

ቡት ወደ ከብት መሄድ የለበትም። ፈረስ ግማሹን ከሰውነቱ የሚያስወጣው በ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ ከብት ግን 40 እና ከዚያ በላይ ሰዓት ይፈጅበታል። በሰው ላይ መቅኒ ደም ማምረቱን እንዲያቆም ስለሚያደርግ ሥጋው ወይም ወተቱ ለሚበላ እንስሳ በአውሮፓ ተከልክሏል፣ በአሜሪካም ለወተት ላሞች ተከልክሏል። የጋሪ ፈረስ እዚህ ስለማይበላ ቡት ለእሱ ብቻ ይሁን።

አስፒሪን ለከብት ይሠራል፣ ግን በኪሎ 100 ሚሊግራም ይፈልጋል። ለላማችን 26 ግራም ነው፤ በ300 ሚሊግራም ጽላት 87 ፍሬ፣ ያውም በየ12 ሰዓቱ። አራት ፍሬ አድቅቆ በውኃ ያጠጣ ሰው አስፒሪን የቀመሰች ላም እንጂ የታከመች ላም የለውም።

አህያ ትንሽ ፈረስ አይደለም

የጎንደር ገበያ የሚቆመው በአህያ ጀርባ ነው፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አህያን የሚጠቅስ መለያ የለም ማለት ይቻላል። የአህያ ጉበት ቡትንም ፍሉኒክሲንንም ከፈረስ ፈጥኖ ያፈርሳል። ስለዚህ ፈረስ በቀን አንዴ በሚወሰድለት ፍሉኒክሲን አህያ በየ12 ሰዓቱ ያስፈልጋታል፣ በዚያው በኪሎ 1.1። ሜሎክሲካም ደግሞ በአህያ ደም ውስጥ ግማሹ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ ለእሷ ብሎ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለበሬው የሠራ ለአህያዋ ያልሠራው በዚህ ነው።

ሌላው ነገር አህያ ህመሟን መደበቋ ነው። ፈረስ ሆዱን ሲያመው መሬት ይቧጥጣል፣ ይንከባለላል፣ ጎኑን ዞሮ ያያል። አህያ በዚያው ህመም ዝም ብላ ጆሮዋን ጥላ ትቆማለች፣ መኖዋን አፏ ላይ ይዛ ማኘክ ትተዋለች። «ደከማት» ተብላ ጭነት ሲቀነስላት፣ ሲነጋ ሞታ ትገኛለች። መኖ የተወች አህያ ታማለች ብሎ መነሣት ይሻላል።

ገጣባ አህያ ላይ ማስታገሻ መውጋት ብቻውን ምንም አያመጣም። ቁስሉን የሠራው ጭነቱና ኮርቻው ነው፤ እሱ እስኪስተካከልና ቁስሉ እስኪሸፍን ከጭነት መፍታት ነው መድኃኒቱ። ያነከሰ እግርን በጋለ ብረት መተኮስም አሁንም ይደረጋል። በብግነት ላይ ሌላ ብግነት ጨምሮ ከማሳመም ሌላ ሥራ የለውም።

የት ይረዳል፣ የት ይጎዳል

የጡት በሽታ የያዛት የውጭ ዝርያ ላም ጡቷ ተጋግሎ፣ ወተቷ እንደ አይብ ተቆራርጦ፣ መብላት ስታቆም አንቲባዮቲክ ብቻ ሳይሆን ማስታገሻም ይገባታል። ጀርሙን አንቲባዮቲኩ፣ ህመሙንና ትኩሳቱን ማስታገሻው ይይዛሉ። የሳምባ በሽታ ላይም እንዲሁ። ማዝ የሚባለው የአፍና የእግር በሽታና ጉርብርብ የሚባለው የቆዳ በሽታ በቫይረስ ስለሚመጡ ቀጥተኛ መድኃኒት የላቸውም (ጉርብርብ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ነበር)። እዚያ ላይ ማስታገሻ የሚያደርገው ትኩሳቱን አውርዶ ከብቱ እንዲበላና እንዲያመሰኳ ማድረግ ነው። ማመስኳት የጀመረ ከብት ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ወይፈን ሲቀጠቀጥ ማስታገሻ ከሥራው በፊት መሰጠት አለበት። ህመሙ ከተነሣ በኋላ ማጥፋት ሳይነሣ ከማስቀረት ይከብዳል፤ ከቆዳ ሥር የተወጋ ሜሎክሲካም ደግሞ ሥራ ለመጀመር ጊዜ ይፈልጋል። ቡርዲዞው (የመቀጥቀጫው ጉጠት) ሲነክስ ያለውን የዚያችን ቅጽበት ህመም የሚያጠፋው ግን ሊዶካይን የሚባለው ማደንዘዣ ነው። ማስታገሻው የሚረዳው ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ሁለት ቀናት እብጠትና ህመም ነው።

ከወሊድ ጋር ጥንቃቄ አለ። ፍሉኒክሲን ከመውለዷ በፊት ወይም ወዲያው እንደወለደች የተሰጣት ላም እንግዴ ልጇ የመቅረቱ ዕድል ይጨምራል፤ ፕሮስታግላንዲን እንግዴ ልጁ እንዲላቀቅ ከሚያስፈልጉት አንዱ ነውና። ምጥ የጠናባትን ላም ማስታገሻ መስጠት ካስፈለገ ጥጃው ከወጣ በኋላ ሜሎክሲካም የተሻለ ምርጫ ነው።

ኩላሊትን የሚገድለው አጣምሮ የሚመጣው ነገር ነው። ተቅማጥ የያዘው ጥጃ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ፣ ውኃ አልቆበታል። ኩላሊቱ ደም የሚያገኘው በዚያችው ፕሮስታግላንዲን ነው። በዚህ ላይ ማስታገሻ ወግቶ፣ በላዩ ጄንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የጨመረ ሰው ከሦስት በኩል መታው ማለት ነው፤ ጄንታማይሲንም ለብቻው ኩላሊት ይጎዳልና። መጀመሪያ ውኃና ጨው፣ በአፍ ወይም በደም ሥር፣ ከዚያ ሽንቱን ከሸና በኋላ ማስታገሻ።

ሁለት ማስታገሻ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ሜሎክሲካም ተወግቶ «አልተሻለውም» ብሎ ማታ ፍሉኒክሲን መጨመር ጥቅሙን አያበዛም፣ ጉዳቱን ግን ይደርባል። ቢያንስ 24 ሰዓት መጠበቅ። መድኃኒት ቤት ሄዶ «ዶክተር፣ የባለፈውን ይስጡኝ» ከማለት በፊት ባዶውን ብልቃጥ ይዞ መሄድና «ይህን ትናንት በስድስት ሰዓት ወግቼዋለሁ» ማለት ብዙ እንስሳ አድኗል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ የሚመጣ ታካሚ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀውም ይኸው ነው፤ ምን ተሰጠው፣ መቼ።

የሆድ ቁርጠት ያለበት ፈረስ ልዩ ነው። ፍሉኒክሲን ተወግቶ በ15 እስከ 30 ደቂቃ ህመሙ ካልታገሠ፣ ወይም ታግሦ መድኃኒቱ ከሚገባው ጊዜ ቀድሞ ከተመለሰ፣ አንጀቱ ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለተኛ መርፌ ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛው መርፌ የሚያጠፋው ህመሙን ሳይሆን ሐኪሙ የሚያይበትን ምልክት ነው።

መመረዙን የሚያሳዩ ነገሮች፦ መኖ መተው፣ እንደ ጥቁር ሬንጅ የሚመስል ፋንድያ ወይም እበት፣ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስል፣ ሽንት ማነስ። ከነዚህ አንዱ ከታየ መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል።

አቀማመጡንም እንዳንረሳ። አብዛኛው ብልቃጥ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፣ ከተከፈተ 28 ቀን። ጎንደር ከተማ ይህ ቀላል ነው። መተማና ሁመራ ወርዶ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ 40 ዲግሪ ባለፈ ቀን፣ ለወራት የቆመ ብልቃጥ ግን ስሙ እንጂ ኃይሉ አይታመንም።

ውሻና ድመት

የሰው መድኃኒት ለውሻ መስጠት የተለመደ ጥፋት ነው። አንድ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ለ15 ኪሎ ውሻ በኪሎ ወደ 27 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ጨጓራውን ለማቁሰል በቂ። ዲክሎፌናክም ውሻ ላይ አንጀት ያደማል። ለውሻ ሜሎክሲካም በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ 0.1፣ በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር።

ድመት ደግሞ ፓራሲታሞል ፈጽሞ አትቀበልም። ጉበቷ ያንን መድኃኒት የሚያስወግድበት መንገድ የላትም፤ ደሟ ኦክሲጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመትን አንድ የ500 ፍሬ ይገድላታል። ከዋጠች ማርከሻው አሲቲልሲስቴይን ያለው ክሊኒክ በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለባት።

ወተቱ፣ ሥጋውና ጥንቡ

የመድኃኒት ቅሪት ከወተትና ከሥጋ እስኪወጣ የሚታቀቡበትን ቀን መለያው ላይ መፈለግ ነው። ለማወዳደር ያህል፣ በአውሮፓ መለያዎች ላይ ሜሎክሲካም ለከብት ሥጋ 15 ቀን፣ ወተት 5 ቀን ይላል። በአሜሪካ ፍሉኒክሲን በደም ሥር ሲሰጥ ሥጋ 4 ቀን፣ ወተት 36 ሰዓት። ለፋሲካ የሚሸጥ ሰንጋ በሕማማት ሳምንት ካነከሰና ሜሎክሲካም ከተወጋ ለዚያ ፋሲካ አይደርስም፤ ይህን ለገዢው መንገር ነው። በጾም ወቅት ገዢ ያጣው ወተት ቅቤ ወይም አይብ ሊሆን ይሄዳል፤ በመታቀቢያው ቀናት የታለበው ግን ለዚያም አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያቆሙት ነገር ይቀጥላል። በህንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ አለቁ፤ የአንዳንዶቹ ዝርያ ከመቶ ከ95 በላይ ጠፋ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ተገኘ፦ ከብቶች ዲክሎፌናክ ይወጉ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ሥጋቸውን የበላው አሞራ ኩላሊቱ ቆሞ፣ ሆድ ዕቃው በነጭ የዩሪክ አሲድ ዱቄት ተለውሶ ይሞታል። በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊግራም ገደማ ግማሹን አሞራ ይገድላል። ሦስቱም አገሮች ለእንስሳት ዲክሎፌናክን በ2006 አገዱ፣ ባንግላዴሽ በ2010። በአፍሪካ ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳ ላይ ሲሞከርም ያው ሆነ። ባንግላዴሽ በ2021 ኬቶፕሮፌንን አገደች፤ ህንድም በ2023 እሱንና ሰውነት ውስጥ ወደ ዲክሎፌናክ የሚለወጠውን አሴክሎፌናክን ከልክላለች። ፍሉኒክሲንም ለአሞራ አይታመንም። ሜሎክሲካም ግን ለጥንብ አንሳ ደኅና መሆኑ ተረጋግጧል፤ ለከብት መጀመሪያ እሱን የመረጥንበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው።

ከስሜን ተራሮች ገደል ተነሥተው ጎንደር ዙሪያ በሚያንዣብቡት ጥንብ አንሳዎች ላይ ይህ እንዳይደርስ ማድረግ ከባድ አይደለም። ለከብት ዲክሎፌናክ ከሰው መድኃኒት ቤት አይገዛም። ዲክሎፌናክ፣ ኬቶፕሮፌን ወይም ፍሉኒክሲን በተወጋ በሦስት አራት ቀን ውስጥ የሞተ እንስሳ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ለውሻም አይሰጥም፤ ሁለት ሜትር ያህል ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከላዩ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር ተደርጎበት፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ይቀበራል። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከመቀመጫው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣው ከሆነ ግን አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ከመቅበር በፊት ቆዳው አይገፈፍም፣ ሆዱም አይከፈትም፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል።